«ጉቶ»፦ አንድ ስያሜ ለብዙ ነገር

የደን ሙያ ቃላትን በካርድ እየሰበሰብን ስናመዛዝን «ጉቶ» የሚለው ቃል አያስቸግረንም ብለን ነበር። ቃሉን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ገበሬው አዲስ ባቀናው መሬት ላይ ማረሻውን ሲሰብርበት ያውቀዋል፤ እረኛው ይቀመጥበታል፤ ማገዶ ለቃሚዋ በምሳር ትፈልጠዋለች። በመሆኑም በመጀመሪያው ካርድ ላይ «ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከነሥሩ መሬት ላይ የሚቀር የግንድ ክፍል» የሚል አጭር ብያኔ ጽፈን ወደሚቀጥለው ቃል አለፍን። ካርዱ ለሙያተኞች አስተያየት በተላከ ጊዜ ግን በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ተጽፎበት ተመለሰ። ጥያቄው የወይራ ጉቶና የጥድ ጉቶ በምን ምክንያት አንድ ስም እንደሚሰጣቸው የሚል ነበር። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ የደረስንበትን ያቀርባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአበሻ ጥድ አንድ ጊዜ ከታች ከተቆረጠ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። እንጨቱ ምስጥ የማይደፍረውና ቶሎ የማይበሰብስ በመሆኑ ጉቶው ለብዙ ዘመን ቆሞ ሊታይ ይችላል፤ ሆኖም የሚታየው የሞተ ዛፍ ቅሪት ነው። ወይራ ግን ተቃራኒው ነው። ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ሥሩ አይሞትም፤ ዝናብ ሲያገኝ ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቀንበጦችን ያወጣል፤ ከብት ካልበላቸውና ምሳር ካልደገማቸው ከነዚያ ቀንበጦች አንዱ ወይም ሁለቱ እንደገና ዛፍ ይሆናሉ። ስለዚህ በአንድ ደን ውስጥ ጉቶ ቆጥሮ መዝገብ የሚይዝ ሰው ሁለቱን በአንድ ዐምድ ቢጽፋቸው፣ የጠፋውንና ገና ያልጠፋውን ደምሮ ያቀርባል ማለት ነው። ከዚህም የከፋው «ጉቶው ተነቅሎ መሬቱ ይጽዳ» የሚል ትእዛዝ ሲጻፍ ነው። ትእዛዙ በጥዱ ላይ ሲፈጸም የማገዶ ነገር ብቻ ይሆናል፤ በወይራው ላይ ሲፈጸም ግን ሕይወት ያለውን ዛፍ ከነሥሩ ማጥፋት ነው። ጸሐፊው ክፉ ሐሳብ ላይኖረው ይችላል፤ የጎደለው ቃል ነው።

እርግጥ አማርኛ ለዚህ ልዩነት ጭራሽ ባዳ አይደለም። ልዩነቱ በስም ላይ ባይኖርም በግስ ላይ አለ። ዘሩ ከመሬት ሲወጣ «በቀለ» ይባላል፤ የተቆረጠው ግንድ ወይም የተመለመለው ቅርንጫፍ እንደገና ሲያወጣ ግን «አቆጠቆጠ» ይባላል። በተለይ ሁለተኛው ግስ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከዚሁ ግስ ጋር ዘሩ አንድ የሆነው «ቆጥቋጦ» የሚለው ስም ዛሬ በዕፀዋት መጻሕፍት ቁመቱ ከዛፍ ያነሰ፣ ከሥሩ ብዙ ሆኖ የሚወጣ ዕፅ የሚጠራበት ነው። ሁለቱን ቃላት አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው ዝምድናቸው ይገለጣል። ደጋግሞ የተቆረጠና ደጋግሞ ያቆጠቆጠ የወይራ ጉቶ መልኩ ቆጥቋጦ ነው፤ በተራራ ጥግ ቆጥቋጦ ብለን የምናልፈው አንዳንዱ ዕፅ በርግጥ ሥሩ የጥንት፣ ራሱ የቅርብ የሆነ ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ «ቆጥቋጦ» በትምህርት መጻሕፍት ሌላ ቦታ ስለ ያዘ ከዚያ ማፈናቀሉ ግራ ከማጋባት በቀር ጥቅም የለውም። ለሂደቱ «ማቆጥቆጥ»፣ ይህን ጠባይ ላለው ዛፍ ደግሞ «አቆጥቋጭ» ማለት ይበቃል። በዚህ መሠረት ወይራ አቆጥቋጭ ነው፤ ጥድ አቆጥቋጭ አይደለም። ለጉቶዎቹም «ሕያው ጉቶ»ና «ደረቅ ጉቶ» የሚሉትን ጥምር ቃላት አቅርበናል። «ሙት ጉቶ» የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ዛፍ ሲነገር ሕዝቡ «ደረቀ» እንጂ «ሞተ» ማለትን ስለማያዘወትር ሳንቀበለው ቀርተናል።

ጥያቄውን በወይራና በጥድ ብቻ ብንተወው ነገሩ በቀለለ ነበር። የደጋ ደኖችን ስያሜዎች ስንከታተል ግን በጉቶ ላይ ከዚህም የበለጠ ጭነት ተጭኖበት አገኘነው። የሐረናን ደን እንውሰድ። ይህ ደን በባሌ ተራራዎች ደቡባዊ ቁልቁለት ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከጎባ ተነሥቶ የሳነቲን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በመካከሉ ያልፋል። ሳነቲ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ውርጫም ሜዳ ነው፤ በላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ በመጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ኮሶና አሜጃ፣ ዝቅ ሲልም ዝግባና ጥቁር እንጨት፣ በታችኛው ክፍል ደግሞ በዛፎች ጥላ ሥር ወፍ ዘራሽ ቡና ይገኛል። በአካባቢው በሚነገረው በኦሮምኛ አስታ «ሳቶ»፣ ኮሶ «ሄቶ»፣ አሜጃ «ጋራምባ»፣ ዝግባ «ቢርቢርሳ»፣ ጥቁር እንጨት «ሆሚ» ይባላል፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ እነዚህን ስሞች ከአማርኛው ጎን መመዝገብ እንዳለበት ሳይጠቀስ አይታለፍም። እርጥበት ያለው አየር ከደቡብ መጥቶ ቁልቁለቱን ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ስለሚሆን ደኑ የዓመቱን ብዙ ቀን ተሸፍኖ ይውላል። የባሌ ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ የዚህን ደን ከፊል ይዞ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እንዲህ ያለውን ደን አንዳንድ ተርጓሚዎች ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል ገልብጠው «የደመና ደን» ይሉታል። እኛ «የጉም ደን» የሚለውን እንመርጣለን። ደመና በሰማይ ነው፤ ወደ መሬት ወርዶ ሰውንና ዛፍን የከበበው ጉም ነው፤ ጭጋግ ደግሞ ሳስቶ አድማሱን የሚያደበዝዝ ነው። ሦስቱ በአማርኛ የየራሳቸው ቦታ ስላላቸው አንዱን በሌላው መተካት ቋንቋውን ማደኽየት ነው። «ጉም እንደ መዝገን» የሚለው አነጋገር በከንቱ ለሚደክም ሰው የሚነገር ቢሆንም፣ የእንዲህ ያለው ደን ዛፍ ግን በእርግጥ ጉም ይዘግናል። በቅጠሉና በግንዱ ላይ በተንዠረገገው ሽበት ላይ የጉሙ ነጠብጣብ እየተጠራቀመ ወደ መሬት ይንጠባጠባል፤ ዝናብ ባልዘነበበት ቀን እንኳ ከዛፎቹ ሥር ያለው አፈር ይርሳል።

«ሽበት» ያልነው በድንጋይና በዛፍ ላይ የሚበቅለውን፣ የሽማግሌ ጢም የመሰለውን ግራጫ ዕፅ ነው። «የድንጋይ ሽበት»፣ «የዛፍ ሽበት» የሚሉት አጠራሮች ሕዝቡ ከመልኩ ተነሥቶ ያወጣቸው ስለሆኑ ከዚህ የተሻለ ስያሜ መፍጠር አያስፈልግም። ከእነዚህ ጋር የሚደባለቀው «ተቀጽላ» ግን ሌላ ነው። ተቀጽላ በሌላው ዛፍ ቅርንጫፍ ውስጥ ሥሩን ሰዶ ከዛፉ የሚመገብ ጥገኛ ነው። ሽበቱም ሆነ ጌተምን የመሰለው ዛፍ ከሌላው ዛፍ አይመገብም። ጌተም ብዙውን ጊዜ በሌላ ዛፍ ባላ ላይ በቅሎ ሥሩን ቀስ በቀስ ወደ መሬት ያወርዳል፤ ሥሩ መሬት እስኪነካ ድረስ የሚኖረው በዛፉ ቅርፊት ላይ በተጠራቀመ ብስባሽና በጉሙ ርጥበት ነው። ይህን ዐይነቱን ሁሉ «ተቀጽላ» ብሎ መጥራት እንግዳን ሌባ እንደ ማለት ነው። «አገር በቀል» የሚለው ጥምር ቃል በሰፊው ስለ ተለመደ በእርሱ አምሳያ «ዛፍ በቀል» ብለነዋል።

አሁን ወደ ጉቶው እንመለስ። በሐረና ደን ላይኛ ዳርቻ፣ በአስታው መካከል፣ እሳት ካለፈ በኋላ ጥቁርና ድቡልቡል የሆነ፣ ከመሬት በጥቂቱ ብቅ ያለ፣ ጉቶ የመሰለ ነገር በብዛት ይታያል። ከብት አርቢዎች አዲስ ግጦሽ ለማግኘት አስታውን ማቃጠላቸው የቆየ ልማድ ነው። ቅርንጫፉና ግንዱ ይነዳል፤ በግንዱና በሥሩ መገናኛ ላይ ያለው ጠንካራ እብጠት ግን ከነሕይወቱ ይቀራል፤ ከዚያም ላይ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ላዩ ጥቂት ዓመት ብቻ ያስቆጠረ ቢሆንም እብጠቱ ከአንድ እሳት ወደ ሌላ እሳት እየተሸጋገረ የኖረ ነው። ይህ አካል ከመቆረጡም ከመቃጠሉም በፊት የነበረ ስለሆነ ጉቶ አይደለም። አናጢ በእንጨት ላይ የሚያገኘውን እብጠት «ጉጥ» ስለሚለው፣ ለዚህም «የሥር ጉጥ» የሚለውን ስያሜ አቅርበናል። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚበቅለው ይኸው የአስታ ዝርያ ጉጡ ተቆፍሮ እየወጣ የትንባሆ ፒፓ ይሠራበታል፤ እሳት የማይደፍረው መሆኑ ለፒፓ አጫሹም ጠቅሞታል። የሥር ጉጡን «ጉቶ» ብሎ መዝግቦ ለማገዶ እንዲቆፈር መፍቀድ ግን በወይራው ላይ ያየነውን ስሕተት ይደግመዋል።

ይህን ያህል ከተጓዝን በኋላ የጉቶ ብዛት ቋንቋውን ያስገደደውን አንድ ሌላ ሕዝብ መመልከት አስፈለገን። የመረጥነው ጃፓን ውስጥ ያለችውን የያኩሺማን ደሴት ነው። ከኪዩሹ በስተ ደቡብ የምትገኘው ይህች ደሴት ስፋቷ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በመካከሏ ያለው የሚያኖውራ ተራራ 1,936 ሜትር ከፍታ አለው። ከባሕር የሚነሣው አየር በዚህ ተራራ ላይ ስለሚወጣ ጉምና ዝናብ አይለየውም። በዚያ የሚበቅለው ዋና ዛፍ «ሱጊ» ይባላል። ድንጋያማና ለምነት በሌለው መሬት ላይ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለና ሙጫ የበዛበት ነው፤ ስለዚህም ከተቆረጠ በኋላ ጉቶው ለመቶ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ደሴቲቱ እ.ኤ.አ. በ1993 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

እዚህ ላይ የዛፉ ስም ራሱ ለተርጓሚ ወጥመድ መሆኑን ሳንጠቁም አናልፍም። እንግሊዞች ሱጊን በሊባኖስ ከሚበቅለው ታዋቂ ዛፍ ጋር አመሳስለው በዚያው ስም ይጠሩታል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ የሊባኖሱን ዛፍ «ዝግባ» ብሎታል። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ሳያስበው «የጃፓን ዝግባ» ብሎ ይጽፋል። ስሕተቱ ድርብ ነው። ሱጊ ከሊባኖሱ ዛፍ ጋር በቤተሰብ አይገናኝም፤ የሊባኖሱ ዛፍም የኛ ዝግባ አይደለም። ሱጊ የሚመደበው የአበሻ ጥድም የፈረንጅ ጥድም በሚገኙበት ቤተሰብ ውስጥ ነው። በመሆኑም የጃፓንኛውን ስም እንዳለ ወስደን «ሱጊ» ማለትና፣ አስፈላጊ ሲሆን «የጥድ ዘመድ» ብሎ ማብራራት የተሻለ ነው።

በያኩሺማ የደን ቆረጣ የተስፋፋው ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነው። ደሴቲቱን የሚያስተዳድሩት የሳትሱማ ገዢዎች ግብሩን በሩዝ ፈንታ ለቤት ክዳን በሚሆን ስስ የሱጊ ጣውላ ይቀበሉ ነበር። ቆራጮቹ የሚፈልጉት ቀጥ ብሎ የሚሠነጠቀውን እንጨት ስለሆነ፣ ከሥር በኩል የሚሰፋውንና የሚጠማዘዘውን ክፍል ለመተው የእንጨት መድረክ ሠርተው ከፍ ብለው ይቆርጡ ነበር። ከዚህ የተነሣ በደኑ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ጉቶዎች ቀርተዋል። ጠማማ የሆኑትንና ጉጥ የበዛባቸውን ዛፎች ጨርሶ ትተዋቸዋል። ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍላቸው ዕድሜ ጠገብ ዛፎች ያኔ ለምንም አይረቡም ተብለው የተናቁት ናቸው።

ከጉቶዎቹ ሁሉ ስመ ጥሩው እንግሊዛዊው የዕፀዋት አጥኚ ኧርነስት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1914 ጐብኝቶ ለውጭው ዓለም ያስታወቀው ነው፤ በዚህም «የዊልሰን ጉቶ» ተብሏል። ዛፉ በ1586 ገደማ ለቤተ መቅደስ ሥራ እንደ ተቆረጠ ይነገራል። የጉቶው ዙሪያ 13.8 ሜትር ነው። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ብዙ ሰው ገብቶ ይቆምበታል፤ በውስጡ ትንሽ የጸሎት ስፍራ አለ፤ ምንጭም ይፈልቅበታል። በእኛ ብያኔ ይህ ደረቅ ጉቶ ነው። ይሁን እንጂ «ደረቅ» የሚለው ቃል ውሃ በሚፈልቅበት ነገር ላይ ሲነገር ጆሮ እንደሚጎረብጥ እናምናለን። ቃሉ የሚገልጸው ዛፉን እንጂ ስፍራውን አለመሆኑን በብያኔው ላይ ማከል ግድ ሆኖብናል።

የያኩሺማ ሰዎች ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የኖረውን ሱጊ «ያኩሱጊ»፣ ከዚያ ያነሰውን «ኮሱጊ» ይሉታል፤ የኋለኛው ፍች «ትንሽ ሱጊ» እንደ ማለት ነው። ስምንት መቶ ዓመት የኖረ ዛፍ «ትንሽ» መባሉ ፈገግ ያሰኛል። በጥንት ዘመን ተቆርጠው በደኑ ውስጥ የቀሩትን ግንዶችና ጉቶዎች «ዶማይቦኩ» ይሏቸዋል፤ ቃሉ ሲተነተን «በአፈር የተቀበረ እንጨት» ማለት ነው። አብዛኞቹ ግን የለበሱት ሽበት ነው እንጂ አልተቀበሩም። ሕያው ያኩሱጊ መቁረጥ ከቆመ ወዲህ የእጅ ጥበብ ሠራተኞች የሚጠቀሙት ይህንኑ ስለሆነ ቃሉ የንግድ ስምም ሆኗል። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል የሚለው የኛ ተረት ለእነርሱ ቃል በቃል ይሠራል። እኛ በበኩላችን ለዚህ አዲስ ቃል አያስፈልገንም፤ በሥሩ የቆመው ጉቶ፣ ተቆርጦ የተለየው ቁራጭ ጉማጅ፣ ሳይቆራረጥ የተጋደመው ግንዲላ ይባላልና። ችግሩ «ጉማጅ»ን በ«ጉቶ» ቦታ የሚጽፉ መኖራቸው ነው። ጉማጅ ከተነሣበት ስፍራ የተለየ ነው፤ ጉቶ ከስፍራው ያልተለየ ነው። ይህን ወሰን ማስጠበቅ ያስፈልጋል።

ከያኩሺማ በእርግጥ የተማርነው አንድ ፅንሰ ሐሳብ አለ። በዚያ እርጥብ ደን ውስጥ መሬቱ በጥላና በዕፀዋት ስለሚሸፈን ዘር በቀላሉ አይበቅልም። በተቆረጠ ጉቶ ወይም በወደቀ ግንድ ላይ የወደቀ ዘር ግን ብርሃንና እርጥበት አግኝቶ በሽበቱ መካከል ይበቅላል፤ ሥሩንም ጉቶውን አቅፎ ወደ መሬት ያወርዳል። «ሳንዳይሱጊ»፣ ማለትም «የሦስት ትውልድ ሱጊ» የሚባለው ዛፍ እንዲህ ተገኘ፤ የመጀመሪያው ዛፍ ወደቀ፣ ሁለተኛው በእርሱ ላይ በቀለ፣ ሁለተኛውም ሲቆረጥ ሦስተኛው በጉቶው ላይ በቅሎ ዛሬ ቆሟል። ይህን ከማቆጥቆጥ መለየት ያሻል። የሚያቆጠቁጠው ዛፉ ራሱ ነው፤ እዚህ ግን የሚበቅለው ሌላ ዛፍ ነው፤ ጉቶው ደረቅ ሆኖ ሳለ ለሌላው መኖሪያ ይሆናል። ምዕራባውያን ለዚህ ያወጡትን ስም ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «ሞግዚት ጉቶ» ይላል። እኛ ግን «አሳዳጊ ጉቶ»፣ የወደቀ ሲሆንም «አሳዳጊ ግንድ» የሚለውን መርጠናል። ሞግዚት በሕይወት ያለ፣ የሌላውን ልጅ ለጊዜው የሚጠብቅ ሰው ነው። «አሳዳጊ» ግን እናት አባት የሌለውን ልጅ የያዘ ማንኛውም ዘመድ ይባልበታል፤ አሳዳጊው ካለፈ በኋላም ልጁ በስሙ ይጠራል። ለጉቶው የሚስማማው ይህ ነው።

ስለ ዕድሜ አገላለጽ ጥቂት ቃል ማከል ይገባል። በደኑ ያለውን ትልቅ ዛፍ «አሮጌ» ማለት አይስማማም፤ አሮጌ የሚባለው ልብስና ቤት፣ ያገለገለና የሚጣል ነገር ነው። «ያረጀ» የሚለውም የሚወድቅበት ጊዜ የደረሰ ያስመስለዋል፤ የእንጨት ነጋዴ «አርጅቷልና ይቆረጥ» የሚለው በዚሁ ቃል ተደግፎ ነው። «ዕድሜ ጠገብ» የሚለው ግን ክብሩን ይጠብቅለታል። የዕድሜው ልክ ሲጠየቅ ደግሞ በግንዱ ቁርጥ ላይ የሚታየውን ክብ ክብ መስመር «የዓመት ቀለበት» ከማለት «የዕድገት ቀለበት» ማለት ይሻላል። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚጥልበት አገር ዛፉ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ቀለበት ሊያወጣ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ስያሜ ገና ሳይቆጠር መልሱን ይሰጣል። ቀለበቱ ጭራሽ የማይገኝበትም ጊዜ አለ። በያኩሺማ ከሱጊዎቹ ሁሉ ትልቁ የሆነው «ጆሞን ሱጊ» ቁመቱ 25.3 ሜትር፣ የግንዱ ዙሪያ 16.4 ሜትር ነው፤ መካከሉ ስለ ተቦረቦረ ግን ቀለበቱን ቆጥሮ ዕድሜውን ማወቅ አይቻልም። ከተረፈው እንጨት በካርቦን ምርመራ የተገኘው 2,170 ዓመት ሲሆን፣ ከውፍረቱ ተነሥተው 7,200 ዓመት የገመቱለትም አሉ። በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት አምስት ሺህ ዓመት ያህል ነው።

ካርዱ በኅዳጉ ላይ ለተጻፈው ጥያቄ መልስ እንዲሆን በሚከተለው መልክ ተሻሽሎ ተጽፏል።

ጉቶ፦ ስም። ዛፍ ተቆርጦ፣ ተሰብሮ ወይም ተቃጥሎ ላዩ ከተለየ በኋላ ከነሥሩ በመሬት የሚቀር የግንድ ግርጌ። ሕያው ጉቶ፦ ሥሩ ያልሞተ፣ ሊያቆጠቁጥ የሚችል (የወይራ ጉቶ)። ደረቅ ጉቶ፦ ዛፉ የሞተ፣ ጉቶው ውስጡ እርጥብ ቢሆንም የማያቆጠቁጥ (የጥድ ጉቶ)። አሳዳጊ ጉቶ፦ የሌላ ዛፍ ዘር በላዩ በቅሎ የሚያድግበት። ጉማጅ አይደለም። የሥር ጉጥ አይደለም። ተመልከት፦ ማቆጥቆጥ፤ ግንዲላ፤ ዛፍ በቀል።